ልጅ ያነሰበት መንደር

በእኛ መንደር ድሮ ልጅ መላክ ቀላል ነበር። ሽማግሌው ደጁ ላይ ቁጭ ይልና «አንተ» ብሎ ይጣራል። ማንን እንደሚጠራ ራሱም አያውቅም። ግን አራት አምስት ልጅ እየተጋፋ ይደርሳል። አንዱን ፍም አምጣ ይለዋል፣ አንዱን በሬውን መልስ ይለዋል፣ የተረፈውን ደግሞ አፍንጫህን ጥረግ ይለዋል። ሥራ ለሁሉም ይደርሳል።

ጊዜው ደርሶ እኔም ሸመገልኩ። ደጄ ላይ ቁጭ አልኩና «አንተ» አልኩ። ማንም የለም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤቴ ቶማ መለሰልኝ። ቶማ እኩያዬ ነው፤ በጥርስ እኔ እበልጠዋለሁ፣ በጉልበት እሱ ይበልጠኛል። ምን ፈለግህ አለኝ። ፍም የሚያመጣልኝ ልጅ ነበር አልኩት። እሱም በሬ የሚመልስለት አጥቶ ከጠዋት ጀምሮ ሲጣራ መዋሉን ነገረኝ። ምን ይደረግ? ፍሙን እሱ አመጣልኝ፣ በሬውን እኔ መለስኩለት። በሬው ሳይቀር ዞር ዞር ብሎ አየኝ።

መንደራችን ከአርባ ምንጭ ሽቅብ ነው፣ ከዶርዜ አለፍ ብሎ። ብርዱ ለገብስና ለእንሰት እንጂ ለሰው አይመችም። ወንዱ ሸማኔ ነው። እኔም አርባ ዓመት ያህል እግሬን ጉድጓድ ውስጥ ከትቼ መወርወሪያ ስወረውር ኖሬአለሁ። መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ስንት አገር ሄደ። እኔ ግን እዚያው ነኝ።

ልጆቹ እንደኔ አይደሉም። ወንዱ ሰባት ስምንት ዓመት ሲሞላው አጎቱ አዲስ አበባ ይወስደዋል። እዚያ መወርወሪያው ውስጥ በምትገባው የመቃ ቁራጭ፣ በቀሰም ላይ ክር እያጠነጠነ ሙያ ይለምዳል። ሌላው ቁልቁል አርባ ምንጭ ይወርዳል፤ ሙዝ ይሸጣል፣ ከጫሞ የመጣ ዓሣ ይሸከማል፣ ከቀናውም ይማራል። እኔ ገበያ ስወርድ የማየው ልጅ ብቻ ነው። መንገዱ ላይ ልጅ፣ ጭነቱ ላይ ልጅ፣ ከኋላዬ ደግሞ ባርኔጣዬን የሚያይ ልጅ። ልጅ እንደ ውሃ ነው መሰለኝ፣ ቁልቁል ይፈስሳል። ላይ የምንቀረው ድንጋይና ሽማግሌ ነን።

ግን እውነቱን ልንገርህ? ልጁን ሁሉ ከተማ አልወሰደውም። ወረቀት ላይ ግማሹን የጨረስኩት እኔ ነኝ። ያውም በአንዲት ቃል።

እኔ በዝምታዬ የታወቅሁ ሰው ነኝ። በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ነው ያደግሁት። ሽማግሌዎች ዱቡሻ ላይ ሲሰበሰቡ፣ ዱቡሻ የምንመክርበትና የምንታረቅበት ሜዳ ነው፣ ሌላው ይናገራል፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። ሰዉ ጥልቅ ሰው ነው ይለኛል። እውነቱ ግን የምለው ስለማጣ ነው። የምለው ሲመጣልኝ ደግሞ ስብሰባው ተበትኖአል። አንድ ሰው ሠላሳ ዓመት ዝም ካለ ሞኝ መሆኑን ማን ያውቃል? ሹመት ሁሉ እየመጣ ይጫንበታል።

እንዲህ ሆኖ ነው የሕዝብ ቆጠራው የተጫነብኝ። መንግሥት ከተቀየረ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ይርጋ የሚባል ወጣት አስተማሪ ሰፊ ወረቀት በላስቲክ ጠቅልሎ መጣ። አገሩ ጎጃም ነው፤ አርባ ምንጭ ተመድቦ ነው። በየበሩ ቁጥር ይጽፍ ዘንድ ጠመኔ ተሰጥቶታል። የእኛ ቤት ደግሞ ከላይ እስከ ታች የቀርከሃ ሽመና ነው፤ ጠመኔው አልይዝ አለው። አንዱን ቁጥር ሦስት ጊዜ ጻፈና ተወው። ጋሞኛ ስለማያውቅ የሚያስተረጉምለት ሰው ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ ተያዩና እኔን አዩኝ። እሱ ብዙ አይናገርም፣ ነገር አያበላሽም አሉ።

ይኸውልህ እንግዲህ። የእኛ ሰው ልጅ አይቆጥርም። ስንት ልጅ አለህ ብትለው እግዜር የሰጠኝ ያህል ይልሃል። መቁጠር ጎሜ ነው። ጎሜ ማለት የደፈርከው ነውር ዞሮ የገዛ ቤትህን ሲመታ ነው። እኔ እርግጥ ጸሎት ቤት መሄድ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ፓስተሩ ጎሜ የሚባል ነገር የለም ብሎ አስተምሮናል። አሜን ብያለሁ። ግን ልጅ አልቆጥርም። ለእኛ ነገሩን እንጂ፣ ለጎሜው አልነገሩት እንደሆነስ?

ሌላም ነገር ነበረብኝ። ባለፈው መንግሥት ጊዜ አንድ ሰው መጥቶ የጎረምሶች ስም ጽፎ ነበር። ለምን እንደሆነ አልነገረንም። ከሳምንት በኋላ መኪና መጥቶ ነገረን። የበኩር ልጄ አልታዬ በዚያ መኪና ሄደ። ስሙን ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ። ጸሐፊው እንዳይሳሳት ብዬ ሁለት ጊዜ ደገምኩለት። አልታዬ አልተመለሰም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ። እኔ ደግሞ ከዚያ ወዲህ እርሳስ የያዘ ሰው ሳይ መንገድ እቀይራለሁ።

ቆጠራውን ከእኔ ቤት ጀመርን። በዚያን ጊዜ ቤቴ ውስጥ ስድስት ልጅ ነበር። የመጨረሻዋ ልጄ አለች። የልጄ የጳውሎስ ሦስት ልጆች አሉ፤ ሁለት ወንዶችና ዘነበች። አባትና እናታቸው አዲስ አበባ ናቸው። የሌላዋ ልጄም ሁለት ሕፃናት አሉ። ይርጋ ጨዋ ነው፣ ቆቡን አውልቆ «አባባ፣ እዚህ ቤት ስንት ልጅ አለ?» አለኝ።

«ሁለት» አልኩ።

ባለቤቴ በጋሞኛ የትኞቹን ሁለት አለችኝ። አራቱን ቀደም ብዬ ከጓሮ እንሰቱ ሥር ደብቄአቸዋለሁ። ይርጋ ሊጽፍ ሲያጎነብስ እንሰቱ ውስጥ አንድ ነገር አሳለ። ፍየል ነው አልኩት። ጥቂት ቆይቶ ፍየሉ «አባባ፣ ጉንዳን ነከሰኝ» አለ። ይርጋ እርሳሱን እንደያዘ አየኝ። እኔም አየሁት። ፍየል ነው ብዬ ደገምኩለት። ምን እንደጻፈ አላውቅም፤ ቢያሳየኝም ማንበብ አልችልም።

ነገሩ በእኔ ቤት ቢቀር መልካም ነበር። ግን አስተርጓሚው እኔ ነኝ። በየቤቱ እየገባሁ ይርጋ ጥያቄውን ሳይጨርስ በጋሞኛ ቀንሱ እላለሁ። ሰዉም ያ ጥልቅ ሰው ካለ ምክንያት አለው ብሎ ይቀንሳል። ስድስት ያለው ሁለት አለ። አምስት ያለው ቶማ አንድ አለ። አንዲት እናት ጡት የያዘ ልጅ አቅፋ የለኝም አለች። ይህስ ሲላት የጎረቤት ነው አለች። ጎረቤቷ ደግሞ በኋላ የእሷ ነው አለች። ልጁ ያለ እናት ቀረ።

ማታ ከመውረዱ በፊት ይርጋ ወረቀቱን እያገላበጠ ግራ ተጋባ። በሄድኩበት መንደር ሁሉ ግማሽ ያህሉ ሰው ልጅ ነው አለኝ፣ እዚህ ግን ተገልብጦ ሽማግሌው በዛብኝ። ሰው ሳይወለድ ነው እንዴ የሚሸመግለው አለ። የእኛ ውሃ ቶሎ ያስረጃል አልኩት። ያን ቀን ከወትሮዬ አብዝቼ መናገሬን አሁን ሳስበው ገባኝ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ ውሸት ግን እያደር እውነት ሆነ። በሁለት ዓመት ውስጥ የመጨረሻዋ ልጄ ቆላ ተዳረች። ሌላዋ ልጄ ባሏ አርባ ምንጭ ሥራ ሲያገኝ ሁለቱን ሕፃናት ይዛ ወረደች። ጳውሎስ ለመስቀል መጥቶ ሁለቱን ወንዶች ወሰዳቸው። ሁለት ብዬ የዋሸሁት ሰውዬ፣ ሁለትም አልቀረልኝም። ዘነበች ብቻ ቀረች፣ ሰባት ዓመቷ። ጎሜ ነው እንዳልል አልቆጠርኩም። አለመቁጠርም ጎሜ አለው እንዴ?

በዚህ መካከል ጳውሎስ ከአዲስ አበባ መልእክት ላከ። ወንዶቹ ወደ ድሩ ስለገቡ ቀሰም የሚያጠነጥን እጅ ጎድሎናል፣ በመጪው መስቀል ዘነበችን እወስዳለሁ አለ። ልጁ ናት፣ ምን እላለሁ? ግን ቤት ውስጥ አንድ ልጅ ከሌለ ሽማግሌ የሚያኮርፈው በማን ላይ ነው? እዚህ ትማር፣ ትምህርት ይሻላታል ብዬ ላክሁበት። የት ነው የምትማረው ብሎ መለሰ። ትምህርት ቤት ከተከፈተ ትቅር፣ ካልተከፈተ ግን ከእኔ ጋር ትሄዳለች አለ። ነገሩ በዚህ ታሰረ።

ወዲያው ትምህርት ቤት ሊሠራ ነው ተባለ። ደስ አለኝ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ዱቡሻ ላይ ደብዳቤውን አነበበው። ለእኛና ከወንዙ ማዶ ላሉት አንድ ትምህርት ቤት ተፈቅዶአል፤ ልጅ በሚበዛበት ይሠራል፤ በቆጠራው መሠረት ልጅ የሚበዛው ማዶ ነው። ደስታዬ ከዚያ አላለፈም። ወንዙ ክረምት ከብት ይወስዳል። የቀርከሃ ድልድያችንን በየዓመቱ እንሠራለን፣ እሱም በየዓመቱ ይወስደዋል። የሰባት ዓመት ልጅ በዚያ ላይ ማን ያሻግራል?

የማዶዎቹ ሽማግሌ ገበያ ላይ አግኝቶን ሳቀብን። ትምህርት ቤቱን ለእኛ ተዉት፣ እናንተ የመቃብር አጥር ጠይቁ አለን። እናንተ ዘንድ ልጅ ቢወለድ ለማን ታሳያላችሁ፣ ዓይኑ የሚያይ ሰው የላችሁ አለ። ቶማ ሊመልስለት አፉን ከፈተና ጥርስ የሌለው መሆኑ ትዝ ብሎት ዘጋው። በመንገድ ላይ ግን በእኔ ላይ ከፈተው። አንተ ሁለት ባትል እኔ አንድ እል ነበር እንዴ አለኝ። ዝም አልኩ። በዚያን ጊዜ እንኳን ጥልቅ ነው ያለኝ ሰው አልነበረም።

ምን አደረግን? ሁለታችን ዱላችንን ይዘን አርባ ምንጭ ወረድን። ይርጋን ካስተማረበት ክፍል ሲወጣ አገኘነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ጋሞኛ ለምዶአል። ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ያደርጋል፤ እኔ በአማርኛ እንደማደርገው ማለት ነው። ስለዚህ ተግባባን። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። አልተቆጣም። የቆጠራውን ወረቀት እኔ መመለስ አልችልም አለ፤ ግን ሽማግሌዎች ካመለከታችሁ የወረዳው ትምህርት ሰዎች መጥተው ልጆቹን በዓይናቸው ያያሉ። አመልካች ጣቴን ልሰጠው ስል አውራ ጣትህን ነው አለኝ ቶማ። ፈረምኩ። ስንወጣ ይርጋ ጠራኝ። «አባባ፣ በዚህኛው ግን ፍየል የለም» አለኝ።

ቀኑ ተቆረጠ። ተመካከርን። ልጆቻችን እንደ ድሮው አልነበሩም፤ በውሸት የቀነስናቸው በእውነት ቀንሰዋል። ጎረምሳው ሁሉ አዲስ አበባ የሽመና ጉድጓድ ገብቶአል። ታዲያ ቶማ ብልሃት አመጣ። አንድ ልጁ ማዶ ተድራ አምስት ወልዳለች። ለአንድ ቀን እንበደራቸው አለ። መኪናው መጀመሪያ ማዶ ይገባል፣ ከዚያ በጋራው ዞሮ ወደ እኛ ይመጣል፤ ልጆቹ በገደሉ ወርደው ወንዙን፣ በጋ ነውና፣ በእግር ቢያቋርጡ ይቀድሙታል። ሁላችንም ደስ አለን። እኔ እንደ ልማዴ ራሴን ነቀነቅሁ።

የዚያን ቀን ልጆቹን ሁሉ አጥበን ዱቡሻ ላይ ደረደርናቸው። ዘነበች ከፊት ናት፣ ፊቷ በቅቤ ያበራል። አምስቱም ማዶዎች በሰዓቱ ደረሱና ተሰለፉ። መኪናው መጣ። ይርጋ ወረደ፣ ከእሱም ጋር ከወረዳ ትምህርት የመጣች አንዲት ወይዘሮ። ሳቅ የሚባል ነገር ፊቷ ላይ የለም። የልጆቹን ራስ በእርሳስ እየነካች መቁጠር ጀመረች። እናቶች ዓይናቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

ወይዘሮዋ አምስቱ ጋ ስትደርስ ቆመች። ጎንበስ ብላ አየች።

«እነዚህ አምስቱ ለምንድን ነው እስከ ጉልበታቸው የረጠቡት?» አለች።

ቶማ ላብ ነው አለ።

«ላብ ከጉልበት በታች ብቻ ነው እንዴ የሚወጣው?»

በእኛ አገር ብርድ ነው፣ ላብ ወደ ላይ አይወጣም አላት። ሰው መሬት መሬት አየ። ወይዘሮዋ ደብተሯን ዘጋች። መጀመሪያ ልጅ ደበቃችሁ፣ አሁን ልጅ ተበደራችሁ፣ የቱን ልመን ብላ ወደ መኪናው ዞረች።

ዘነበች ከሰልፉ አልወጣችም። እጆቿን በጎኗ አድርጋ እንደቆመች ነው። እርሳሱ ወደ እሷ እስኪመለስ የምትጠብቅ ነው የምትመስለው።

ያኔ ተነሣሁ። እኔ ዱቡሻ ላይ ለመቀመጥ እንጂ ለመናገር ተነሥቼ አላውቅም። ከእግሬ ሥር እርጥብ ሳር ነጨሁና ያዝኩ። እዚያ ሜዳ ላይ ሳር ይዞ የሚዋሽ የለም። ወይዘሮዋም ይህን ሰምታ ኖሮ ቆመች።

«ወለድኩ» አልኩ። «ልቁጠርልሽ። መጀመሪያ አልታዬ። እሱ የለም፣ ግን መጀመሪያ እሱ ነው። ሌላው ጳውሎስ ነው…» እያልኩ የወለድኳቸውን ሁሉ በስማቸው ጠራሁ። በሕይወቴ ቆጥሬአቸው አላውቅም፤ ሰባት መሆናቸውን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። «ቆጣሪው በመጣ ጊዜ ቤቴ ውስጥ ስድስት ልጅ ነበር። ሁለት ያልኩት እኔ ነኝ። መንደሩን ሁሉ ቀንሱ ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን የቀረችኝ ይህቺ ናት። አንድ ናት። ወንዙን ከምታሻግሪያት እኔን ውሃ ይውሰደኝ።»

ቁጭ አልኩ። ሳሩ እጄ ላይ ቀረ።

ቶማ ተነሣና አንድ ያልኩት አምስት ነበሩ፣ አሁን ሁለት ናቸው፣ እነዚያ የረጠቡት የልጄ ናቸው አለ። ያቺ እናት ደግሞ የለኝም ያለችውን ልጅ ወደ ፊት ገፋ አደረገችው። አሁን በእግሩ ይሄዳል። የእኔ ነው አለች፤ ልጁ እናት አገኘ። አንድ በአንድ ሁሉም ተናገረ። ጎሜ ካለ ያን ቀን መንደሩን በሙሉ ጠራርጎ መውሰድ ነበረበት። ዝናብ እንኳን አልጣለም።

ወይዘሮዋ እንደገና ቆጠረች። አምስቱን እርጥቦች ወደ እናታቸው ሰደደች። ከዚያ ነገሩን አስረዳችን። ትልቁ ትምህርት ቤት ማዶ መሠራቱ አይቀርም። ግን ትንንሾቹ ወንዝ እንዳይሻገሩ እዚህ አንድ ክፍል መክፈት ይቻላል። ለዚያ አርባ ተማሪ ያስፈልጋል። ለትምህርት የደረሰ ያላችሁ ሠላሳ አራት ነው አለች።

ስድስት ጎደለ። አየህ የእኔን ነገር? ያኔ እንሰት ሥር የደበቅኳቸውና ሁለት ያልኳቸው አንድ ላይ ስድስት ነበሩ። ዘነበች እዚያ ሠላሳ አራት ውስጥ ስላለች የእኔ ቤት ብቻ አምስቱን አጉድሎአል ማለት ነው።

ሁሉም ደብተሯን አየ። ቶማ ግን ዝም ማለት አይችልም። የጎደለው ስድስት ብቻ ከሆነ ሽማግሌ ሞልቶአል፣ እኛን ጻፊን አላት። መንደሩ በሙሉ ሳቀ። ወይዘሮዋ አልሳቀችም። ደብተሯን ገልጣ ስምህ ማን ነው አለችው። ቶማ ሳቁ አፉ ውስጥ ቀረ። መመሪያው ከሰባት ዓመት በታች አይመዘገብም ይላል እንጂ፣ ከሰባ በላይ አይመዘገብም አይልም አለች። ቶማ ብቻዬን አልገባም ብሎ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። ስሜን ነገርኳት። እንዳትሳሳት ብዬ ልደግምላት ስል ይርጋ አንድ ጊዜ ይበቃል አለኝ።

ክፍሉን ራሳችን ሠራነው። እኛ የምናውቀው አንድ ዓይነት ቤት ነው፤ ስለዚህ ቀርከሃ ሸምነን፣ እንደ ቤታችን ክብ አድርገን አቆምነው። ይርጋ አስተማሪው ሆኖ ተመደበ። በመስከረም ተከፈተ። እኛ ስድስታችን፣ እኔ፣ ቶማና ከእኛ ጋር የተመዘገቡ አራት ሽማግሌዎች፣ ከኋላ ግንድ ላይ ተቀመጥን። የመጀመሪያው ትምህርት ምን ነበር ብትለኝ፣ መቁጠር። ይርጋ ጠጠር በፊታችን አስቀምጦ ቁጠሩ ይላል። ልጆቹ በሳምንት ጨረሱት። አርባ ዓመት መወርወሪያ የያዘ እጅ እርሳስ ሲይዝ ይቀለጥመዋል፤ እኔ ሦስት እርሳስ ሰብሬ አራት ቁጥር ላይ ደረስኩ። ዘነበች ማታ ማታ ትሰማኛለች። ስሳሳት በቁጣ ነው። ይህን ጠባይ ከማን እንደወረሰች ባለቤቴን ብጠይቃት አየችኝ እንጂ አልመለሰችም።

መስቀል ደረሰ። ጳውሎስ እንደ ሁሉም ሸማኔ ከአዲስ አበባ መጣ። ደስታው ደስታ ነው፣ በሬው ተጣለ። ግን የዘነበች ልብስ በላስቲክ ታስሮ በሩ አጠገብ መቀመጡን አየሁ። ክፍሉ ተከፍቶአል፣ ቃል ነበረን አልኩት። ቀርከሃ ውስጥ ጠጠር መቁጠር ትምህርት አይደለም፣ ይህ ለሁለት ወር ነው፣ ቆይቶ ይዘጋል አለኝ። እኔም ሥጋዬን ይዤ ዝም አልኩ። ካልተናገሩት ደጃዝማችነት ይቀራል እንዲሉ፣ እኔ በዝምታዬ ስንት ነገር አስቀርቻለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በል። ለይርጋ መስቀል አንድ ቀን ነው። ለእኛ ሥጋው እስኪያልቅ ነው። ልጆቹን በማግስቱ ቤት ለቤት ዞሮ ሰበሰባቸው። እኛ ሽማግሌዎቹ ግን በየዘመዱ እየተጠራን ስምንት ቀን ቀረን። በዘጠነኛው ቀን ዘነበች ከትምህርት ስትመለስ በጳውሎስና በእንግዶች ፊት ቆመችና መልእክቷን አደረሰች።

«አባባ፣ መምህር ስምንት ቀን ስለቀሩ ወላጅ ይዘው ይምጡ ብሎዎታል።»

በ«እርስዎ» መገሠጽ የባሰ ያማል። እንግዶቹ ሳቁ። ወላጅ ከየት አመጣለሁ? አባቴ ከሞተ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ቢኖርም አያምነኝም ነበር። ቶማን እንዳልይዝ እሱም ወላጅ ተጠይቆአል። በመጨረሻ ጳውሎስ ሳቁን አቁሞ ባርኔጣውን አደረገ። ና እኔ ልቁምልህ አለኝ።

ሄድን። በር ላይ ቆምኩ። ይርጋ ጳውሎስን አስገብቶ መዝገቡን ገለጠለት። ልጅህ ጎበዝ ናት፣ አንድ ቀን አልቀረችም አለው። አባትህ ግን አራት ቁጥር ላይ ቆመው ስምንት ቀን ቀርተዋል። ጳውሎስ በሳቅ መካከል ሰውየውን ቢተውት ምን አለበት፣ ሽማግሌ ነው አለ። ይርጋ አልሳቀም። በወሩ መጨረሻ የወረዳዋ ሴት ትመጣለች አለው። አርባ ካላገኘች ትዘጋዋለች። ሠላሳ ዘጠኝ ብታገኝ እንኳን አታልፈውም።

ጳውሎስ ክፍሉን አየ። ሠላሳ አራቱ ልጆች ከፊት ናቸው። ከኋላ ግንዱ ላይ ቶማና አራቱ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል፤ እነሱም በየልጆቻቸው ታጅበው መጥተው ነው። ቶማ ጠጠሮቹን ከእጁ ወደ እጁ ያዘዋውራል። አንድ ቦታ ባዶ ነው፣ የእኔ።

«አባዬ» አለኝ፣ «አንተ እዚህ የገባኸው ለመማር ነው?»

«ቁጥር እንዳይጎድል ነው» አልኩት።

ባርኔጣውን አወለቀ። የታሰረውን ልብስ እያሰበ መሆኑን አውቄአለሁ። ከዚያ ወላጅ በሚለው ቦታ ላይ አውራ ጣቱን አተመ፤ እሱም እንደኔ ጉድጓድ ውስጥ ያደገ ነው። ገባሁና ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። ዘነበች ዞር ብላ አየችኝና ወደ ሰሌዳው እንድመለከት በአገጯ አሳየችኝ።

ጳውሎስ ሲሄድ ልብሷን ፈትቶ ነበር የተወው። መንገድ ላይ ስሸኘው እሷን ትቼልሃለሁ፣ አንተ ግን እንዳትቀር አለኝ። ዳግመኛ ወላጅ አምጣ ብትባል ከአዲስ አበባ አልመጣም አለ።

አልቀረሁም። የወረዳዋ ሴት መጥታ አርባ ቆጥራ ሄዳለች። የእኛ መንደር ልጅ በዛ ተብሎ ወረቀት ላይ መጻፉን ይርጋ አነበበልኝ። ከአርባው ስድስታችን ሪዛም መሆናችንን ወረቀቱ አይናገርም።

ስለዚህ ወዳጄ፣ ሽማግሌዎች ልጅ አይቆጠርም ሲሉህ እኔን አስብ። ቁጠር። ጮክ ብለህ ቁጠር። ልጅህን ካልቆጠርክ፣ የጎደለው ቦታ ላይ ቆጥረው የሚያስገቡት አንተን ነው።